ስድስት ተኩል ምን ይለካል?

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የተማረ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ያቀረበ ወጣት ውጭ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ሲጀምር ከሁሉ አስቀድሞ «እንግሊዝኛ መቻልህን አስመስክር» ይባላል። ብዙዎች በዚህ ቅር ይላቸዋል፤ ቅሬታቸውም ይገባኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 በካናዳዊው ጀስዊት በሉሲየን ማት መሪነት ከተቋቋመበት ጊዜ አንስቶ የከፍተኛ ትምህርታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሦስት ትውልድ የተማረበትን ቋንቋ ገና ከፊደሉ እንደሚጀምር ሰው አረጋግጥ መባል ክብር የሚነካ ይመስላል።

ነገር ግን ክፍላችንን በሐቀኝነት እንየው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማብራሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ይሆናል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ወደ ደብተር ይገለበጣል፤ ፈተና ሲመጣ ከአራቱ ፊደላት አንዱ ይጠቆራል። እንዲህ ያለፈ ተማሪ ብዙ ያነባል፣ ጥቂት ይጽፋል፣ ከዚያም ያነሰ ይናገራል። እንግሊዝኛ አፉን በፈታበት ሰው ፍጥነት የሚነገር ትምህርት አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ሰምቶ የማያውቅም ሞልቷል። ስለዚህ ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። ፍትሐዊ የማይሆነው ተፈታኙ ምን እየተጠየቀ እንደሆነ ሳይነገረው ወደ አዳራሹ ሲገባ ነው። ፈተናው በሰዓት ተገድቦ በእንግሊዝኛ ምን መሥራት እንደሚቻል ይለካል፤ የቃላትና የሰዋስው ክምችት ብቻውን እዚያ አያደርስም። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ገንዘባቸውን የሚከስሩት በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ባለማወቃቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ልዩነቱን በግልጽ ካስቀመጡት ምሁራን አንዱ በካናዳ የሠራው ጂም ከሚንስ ነው። ከሚንስ በ1979 የዕለት ተዕለት መግባቢያ ቋንቋን ከትምህርት ቋንቋ ለይቶ አሳየ። ወደ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር የሚመጡ ልጆች በሁለት ዓመት ገደማ ከጓደኞቻቸው ጋር ያለ ችግር ያወራሉ፤ ክፍል ውስጥ የሚፈለገውን የማንበብ፣ የማመዛዘንና የመጻፍ ቋንቋ ለመያዝ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ይህን በዋሽንግተንና በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በቤታቸው ያዩታል፤ ልጁ ስልክ ላይ እንደ አገሬው ሰው ያወራል፣ የታሪክ ድርሰቱ ግን በመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ይመለሳል። አዲስ አበባ ያለው ተማሪ ችግር የተገላቢጦሹ ነው። የመማሪያ መጽሐፉን ቋንቋ ያውቃል፤ አፉና ጆሮው ግን አልተፈቱም። የመግቢያ ፈተናዎቹ ሁለቱንም በአንድ ቀን ይጠይቃሉ።

ፈተናዎቹ እንዲህ ሆነው አልተወለዱም። ካምብሪጅ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና የሰጠው በ1913፣ ዳግማዊ ምኒልክ ባረፉበት ዓመት ነበር። ፈተናው አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ወደ ፈረንሳይኛ ወይም ወደ ጀርመንኛ መተርጎም፣ ስለ ድምፆች አፈጣጠር መጻፍ፣ ድርሰት፣ ሥነ ጽሑፍ፣ የቃል ጽሕፈትና ንግግር ነበረበት። ሦስት ሰዎች ተፈተኑ፤ ሦስቱም ወደቁ። አሜሪካኖች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ ቶፍል የተባለውን ፈተና ሲጀምሩ ችግራቸው ሌላ ነበር። ከመላው ዓለም የሚጎርፉ አመልካቾችን በርካሽና በፍጥነት፣ ለሁሉም እኩል በሆነ ሚዛን መለየት ነበረባቸው። መፍትሔው የምርጫ ጥያቄ ሆነ። ሰዋስው፣ ቃላት፣ ንባብና ማዳመጥ ሁሉም በጠቆረ ክብ ተመለሱ።

ይህ አሠራር ዋጋ አስከፍሏል። ለአርባ ዓመት ያህል ዋናው ቶፍል ተፈታኙን አንድም ቃል አላናገረውም። መናገር የፈተናው ቋሚ ክፍል የሆነው ፈተናው በኢንተርኔት መሰጠት ሲጀምር፣ በ2005 ነው። በነዚያ ዓመታት የዓለም ተማሪ ለቶፍል ሲዘጋጅ የሰዋስው ሕግ ሸመደደ፤ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የቡድን ውይይት ላይ ዝም አለ። ፈተና የሚጠይቀውን ነገር አስተማሪዎች ያስተምራሉ፤ የማይጠይቀውን ይተዋሉ። የእኛ አገር የእንግሊዝኛ ትምህርት ዛሬም ያን የ1964 መልክ እንደያዘ ነው፤ የብሔራዊ ፈተናችን እንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ጽፈህ አሳየኝ አይልም። በዚህ የሚወቀሰው ተማሪው አይደለም።

ኢትዮጵያውያን አመልካቾች በብዛት የሚያውቁት ፈተና አይልትስ ነው። በ1980 በተጀመረው ቀዳሚው ላይ ተመሥርቶ በ1989 የወጣ ሲሆን ባለቤቶቹ ብሪቲሽ ካውንስል፣ ካምብሪጅና የአውስትራሊያው አይዲፒ ናቸው። አራት ክፍል አለው፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 9 ይመዘናል፤ የአራቱ አማካይ ወደ ቅርቡ ግማሽ ይጠጋጋል። ለዩኒቨርሲቲ የሚፈለገው አካዳሚክ የሚባለው ዓይነት ነው። ለስደትና ለሥራ የሚሰጠው ጄኔራል ትሬኒንግ ይባላል። ሲመዘገቡ ሁለቱን ማምታታት ሙሉውን ክፍያ ያስበላል።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅ ከምንም በላይ ይጠቅማል። አንዲት አመልካች በማዳመጥ 7.5፣ በማንበብ 6.5፣ በመጻፍ 5.5፣ በመናገር 6.5 አገኘች እንበል። ድምሩ 26፣ ለአራት ሲካፈል 6.5 ነው። የፈለገችው ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው 6.5 ስለሆነ ቤተሰቡ ደስ ብሎት ቡና አፈላ። የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ አንድ ሐረግ አለው፤ በየትኛውም ክፍል ከ6.0 በታች ማግኘት አይቻልም ይላል። የመጻፉ 5.5 በሩን ዘጋው። ሌላ አመልካች 6.5፣ 6.5፣ 6.0 እና 6.0 ቢያገኝ ድምሩ 25፣ አማካዩ 6.25 ይሆናል፤ ይህም ወደ 6.5 ከፍ ይልና ይገባል። በጥቅሉ ግማሽ ነጥብ እንኳ የማይበላለጡት የእነዚህ ሁለት ሰዎች ዕድል የተለያየው በአንዷ ደካማ ክፍል ነው። ስለዚህ አመልካች ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነብ የሚገባው የመግቢያውን መስፈርት እስከ መጨረሻው ቃል ነው። ምክንያቱም ጥንካሬውን አጥንቶ 7.5ቱን 8 ማድረግ ለዚህች ልጅ ምንም አይፈይድላትም፤ የሚጠቅማት ሰዓቷን ሁሉ መጻፍ ላይ ማዋል ነው።

መጻፍ ደግሞ የእኛ ሰው በብዛት የሚሰናከልበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ሥራው ሁለት ነው። በመጀመሪያው ሥዕላዊ መረጃ ቢያንስ በ150 ቃል ይገለጻል፤ በሁለተኛው አንድ ጥያቄ ላይ ቢያንስ የ250 ቃል ክርክር ይጻፋል። ጠቅላላው ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናል፤ ሆኖም ብዙ ተፈታኝ ግራፉን ሲያሳምር አርባ ደቂቃ ይፈጅና ለክርክሩ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ፈታኙ የሚያየው አራት ነገር በእኩል ክብደት ነው፤ ጥያቄው ተመልሷል ወይ፣ ሐሳቡ ተያይዟል ወይ፣ ቃላቱ በቂና ትክክል ናቸው ወይ፣ ሰዋስው የተለያየና የተስተካከለ ነው ወይ። እዚህ ዝርዝር ውስጥ «ከባድ ቃል» የሚል የለም። ከመዝገበ ቃላት የተለቀሙ ረዣዥም ቃላትን ያለ ቦታቸው መደርደር ነጥብ ያስቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ከኢንተርኔት የተሸመደደ መግቢያም እንዲሁ ነው፤ ፈታኞች ያን ለመለየት የሠለጠኑ ናቸው።

ከቃላቱ የሚበልጠው ግን ሐሳቡ የሚሄድበት መንገድ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ካፕላን በ1966 ባወጣው ጽሑፍ ሰዎች በሁለተኛ ቋንቋ ሲጽፉ ከአደጉበት ባህል የወረሱትን የአነጋገር ሥርዓት ይዘው እንደሚመጡ ተከራከረ። ሐሳቡ ሕዝቦችን በጅምላ ፈርጇል ተብሎ ብዙ ተተችቷል፤ ትችቱም ትክክል ነው። ሆኖም ከጥያቄው አንድ ነገር እወስዳለሁ። እኛ ስንናገር ነገሩን ከሩቅ እንጀምራለን፤ ሰላምታው ይቀድማል፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩ ይከተላል፣ የመጣንበት ጉዳይ መጨረሻ ላይ ይወጣል። ሽማግሌ ፊት ይህ ጨዋነት ነው። የአይልትስ ፈታኝ ግን አቋምህን በመጀመሪያው አንቀጽ ይፈልጋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ምክንያት ይዞ፣ ምክንያቱም ምሳሌ ተከትሎት እንዲመጣ ይጠብቃል። «ከጥንት ጀምሮ ትምህርት ለሰው ልጅ ወሳኝ ነው» በሚል ዓረፍተ ነገር የሚጀምር ድርሰት ሰዋስው ባይጎድለውም መክፈቻው ባክኖበታል። ይህን ልማድ ለመቀየር በየቀኑ አንድ አንቀጽ ጽፎ፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ለሰው አንብቦ «ምን ልል እንደሆነ ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ገንዘብ የማይጠይቅ ልምምድ ነው፤ ከብዙ የማስጠናት ክፍሎች የተሻለ እንደሚሠራም አይቻለሁ።

የመናገሩ ክፍል ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት መጠነኛ ትውውቅ አለ፤ ቀጥሎ አንድ ካርድ ይሰጥና አንድ ደቂቃ ታስቦ እስከ ሁለት ደቂቃ ይነገራል፤ በመጨረሻም ከካርዱ ርዕስ የሚነሳ ጠለቅ ያለ ውይይት ይከተላል። እዚህ የሚፈራው ነገር የአነጋገር ቃና ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም። ፈታኙ የሚመዝነው አድማጭ ሳይቸገር መረዳት መቻሉን እንጂ እንግሊዛዊ መምሰልን አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ ተነባቢዎች ሲደራረቡበት መካከላቸው አናባቢ ይጨምራል፤ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥታ የምታወጣውን የእንግሊዝኛ ድምፅ ደግሞ ወደ «ዝ» ወይም «ስ» ይወስደዋል። ይህ ብቻውን አያስወድቅም። የሚጎዳው ሁሉንም ክፍለ ቃል እኩል እየረገጡ መናገር ነው፤ የቃሉ ጉልህ ክፍል ሲጠፋ አድማጭ ይደናገራልና። ከዚህ የባሰው ደግሞ አጭር መልስ ነው። አደባባይ ላይ ቁጥብነት የተመሰገነበት ልጅ «አዎ፣ እወዳለሁ» ብሎ ዝም ሲል ፈታኙ የሚመዝነው ነገር ያጣል። ለምን፣ መቼ፣ ከማን ጋር የሚለውን ሳይጠየቁ መጨመር እዚህ እንደ ድፍረት አይቆጠርም።

ማንበብና ማዳመጥን በአጭሩ ልለፈው። ሁለቱም አርባ አርባ ጥያቄ አላቸው፤ በግምት 23 የመለሰ 6፣ 30 የመለሰ 7 ያገኛል። በስህተት የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ባዶ የተተወ መልስ የተጣለ ዕድል ነው። የማዳመጫው ድምፅ አንዴ ብቻ ይሰማል፤ የፊደል ግድፈትም ነጥብ ያሳጣል። «ከሁለት ቃል አይብለጥ» ሲባል ሦስት የጻፈ፣ ሐሳቡ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ዜሮ ነው።

ሌሎቹ ፈተናዎች በቅርጽ ይለያሉ። ቶፍል ሁሉንም ነገር በኮምፒውተር ይሠራል፤ መናገሩም ለማይክሮፎን ነው። ለብዙ ዓመታት ውጤቱ ከ120 ይሰጥ ነበር። በዚያ ሚዛን በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች 80 አካባቢ፣ ፉክክር የሚበዛባቸው ደግሞ 100 ይጠይቃሉ። ከጥር 2026 ወዲህ ፈተናው ከተፈታኙ አቅም ጋር እየተስተካከለ የሚሄድ ሆኖ ከ1 እስከ 6 የሚቆጠር አዲስ ሚዛን ስለያዘ የቆየ የማጥኛ መጽሐፍ የገዛ ሰው ይጠንቀቅ። ፒቲኢ በአብዛኛው በማሽን ይታረማል፤ ውጤቱ ከ10 እስከ 90 ነው። የዱዎሊንጎ ፈተና በቤት ውስጥ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ከ160 ይቆጠራል፤ አይልትስና ቶፍል ከሚያስከፍሉት 200 ዶላር አካባቢ ግማሹን እንኳ አይደርስም። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተቀበሉት በኮቪድ ወቅት የፈተና ማዕከላት ሲዘጉ ነው። ለእኛ ግን ችግሩ ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም መስመር ሲቆረጥ ፈተናው ይቋረጣል፤ ዓይን ከስክሪኑ ደጋግሞ ከሸሸ ወይም ሰው ወደ ክፍሉ ከገባ ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል። ክፍያውም በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ ዶላር ማግኘት ከጥናቱ በላይ ያደከማቸውን ወጣቶች አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ወጪ ከማውጣት በፊት አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት፤ ፈተናው በእርግጥ ያስፈልጋል? አንዳንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይ ጣሊያንና ጀርመን ያሉ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ ከተማሩበት ተቋም ሬጅስትራር የተጻፈ ደብዳቤ ይቀበላሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል የሆነው ቼቭኒንግም ራሱ የቋንቋ ውጤት መጠየቅ ትቷል፤ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ግን ሊጠይቅ ይችላል። የብሪታንያ የኢሚግሬሽን ሕግ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች ውስጥ ጃማይካና ጋያና አሉ፤ ናይጄሪያ፣ ጋና እና ኬንያ የሉም። እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋ የሆነባቸው አገሮች ዜጎች በዚህ ሲያዝኑ እኛ ብቻችንን እንዳልተገለልን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አሠራሩ ግን መተቸት ያለበት ነው። ያም ሆነ ይህ አንድ ኢሜይል ጽፎ «ይህን ደብዳቤ ትቀበላላችሁ? የፈተናውን ግዴታ ታነሱልኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። ብዙዎች አይጠይቁም፤ በዚህ አዝናለሁ።

ከዚህ በተቃራኒ በቴሌግራም «ሳይፈተኑ የተረጋገጠ አይልትስ» እያሉ የሚያስተዋውቁ ሰዎች አሉ። ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዱን ውጤት ከፈተናው ባለቤት የመረጃ ቋት ስለሚያመሳክሩ የሚሸጠው ወረቀት ብቻ ነው፤ የተያዘ አመልካች ደግሞ የቪዛ ታሪኩ ለዓመታት ይጠቁራል። የማጭበርበር ጠባሳ ንጹሑንም ይነካል። በ2014 የቢቢሲው ፓኖራማ በብሪታንያ ለቪዛ ይሰጥ በነበረው የቶይክ ፈተና ላይ ሌሎች ሰዎች ለተማሪዎች ሲፈተኑ አሳየ። ከዚያ በኋላ ከ58,000 በላይ ፈተናዎች ተመርምረው 97 በመቶው ልክ ያልሆኑ ወይም አጠራጣሪ ተባሉ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ቪዛቸው ተሰረዘ። የአገሪቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው ሪፖርት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ንጹሓን እንዳይጎዱ በቂ ጥረት አላደረገም አለ። ዛሬ በፈተና በር ላይ ፓስፖርት የሚፈተሸውና ፎቶ የሚነሳው ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ የተነሳ ነው።

ስለ ቁጥሩ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። የትኛውም የቋንቋ ፈተና የመለካት ስህተት አለው፤ አንድ ሰው በሁለት ሳምንት ልዩነት ሳያጠና ቢፈተን ግማሽ ባንድ ሊወጣም ሊወርድም ይችላል። በውጤቱና በኋለኛው የዩኒቨርሲቲ ማርክ መካከል ያለውን ግንኙነት የመረመሩ ጥናቶችም ደጋግመው ያገኙት ቀጭን ግንኙነት ነው። ስድስት ያመጣ ልጅ ስድስት ተኩል ካመጣው አያንስም። 6.5 ዩኒቨርሲቲው «ከዚህ በታች ከሆነ ትምህርቱን ለመከታተል ይቸገራል» ብሎ ያሰመረው መስመር ነው፤ ስለ አእምሮ ስፋት የሚናገረው ነገር የለም። በቤተሰብ ፊት እንደ ነውር የተቆጠሩ 5.5 ማርኮች ስላየሁ ነው ይህን የምለው። ያች በመጻፉ 5.5 ያገኘችው አመልካችም ደክማ እንደሆነ አራት ወር ያስተካክላታል።

ውጤቱ ያልጠበቁት ሆኖ ሲገኝ ሁለት መንገድ አለ። የመጻፉና የመናገሩ ነጥብ የተዛባ ከመሰለ በስድስት ሳምንት ውስጥ እንደገና እንዲታረም መጠየቅ ይቻላል፤ ነጥቡ ከተለወጠ የተከፈለው ገንዘብ ይመለሳል። በኮምፒውተር የተፈተነ ሰው ደግሞ አገልግሎቱን በሚሰጡ ማዕከላት ከአራቱ አንዱን ክፍል ብቻ በስልሳ ቀን ውስጥ ደግሞ መፈተን ይችላል፤ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ስለማይቀበለው ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ለሁለቱም ጊዜ ያስፈልጋል። በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚዘጉት በታኅሣሥና በጥር ስለሆነ በክረምቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ ሙሉ የሙከራ ፈተና በሰዓት ተገድቦ ወስዶ ደካማውን ክፍል መለየት፣ ዋናውን ፈተና መስከረም ላይ መቀመጥ፣ ጥቅምትን ለድጋሚ መተው ይበጃል። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ቦታ ያላገኘ አመልካች በሁለተኛው ዓመት በዚያው ውጤት ሊያመለክት ይችላል።